መርፌው ከወዲያ ነው

ጋሪው ጉድጓድ በረገጠ ቁጥር አሮጊቷ "ኧረ ወገቤን" ይላሉ፤ ነጂው ግን ለበሬዎቹ እንጂ ለእሳቸው የሚሆን ጆሮ አልነበረውም። የተቀመጡት በተጠቀለለ ቀይ ሸራ ላይ ነው። ከጎናቸው ምራታቸው የመርፌ ከረጢቷን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በአንድ እጇ አሮጊቷን፣ በሌላው የጋሪውን ጠርዝ ይዛለች። እውነተኛ ስሟን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። የቤተ መንግሥቱ ድንኳን ሰፊ ከሆነች ጀምሮ ሁሉም ወስፌ ይላታል፤ ምላሷም እንደዚያው ይወጋል የሚሉ አሉ።

መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ መንገድ ያለፈ ሁሉ ወይ ሲሸሽ ነው ወይ ሲያሳድድ፤ ዛሬ ግን ሰዉ ዝም ብሎ ይሄዳል። አንዷ ዶሮ ታቅፋለች። አንድ ወታደር ጦሩን እንደ ምርኩዝ ተደግፎ ከጫማው ጠጠር ያራግፋል። ጦርነቱ ያበቃው ትናንት ከሰዓት በኋላ ነበር። ልብ ገና አላመነም፤ ትከሻ ግን ቀድሞ አምኖ ወርዷል።

የጠቡ ነገር በአጭሩ እንዲህ ነው። አሮጌው ንጉሥ አልጋውን ለማን እንደሚተው ሳይናገር ሞተ። ትልቁ ልዑል "በኩሩ እኔ ነኝ" አለ፤ ታናሽ እህቱ "አባቴ ለእኔ ማለቱን በጆሮዬ ሰምቻለሁ" አለች። በዚያ አገር ደግሞ ንጉሥ የሚያሰኘው ዘውድ አይደለም፤ ዘውድማ ማንም አንጥረኛ ይሠራዋል። ንጉሥ የሚያሰኘው ቀዩ ድንኳን ነው። ሹመትም፣ አዋጅም፣ የእርቅ መሐላም የሚጸናው በእሱ ጥላ ሥር ብቻ ነው። ስለዚህ አባትየው በተቀበረ ማግስት የሁለቱም ሰዎች ወደ ድንኳኑ ሮጡ። ጣራው አናቱ ላይ በጠፍር የተያያዘ ሁለት ክፋይ ነበርና ጠፍሩን በጠሱት፤ የኋላውን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሰይፍ ሸነተሩት። ልዑሉ ግማሹን ይዞ ወንዝ ተሻገረ። ግማሽ ድንኳን ያለ ሰፊ ምን ይሆናል ብሎም የወስፌን ባል አብሮ ወሰደው።

ባሏን ሰዉ ካስማ ይለዋል፤ አንዴ ከቆመ አይነቀልም ለማለት ነው። ያን ዕለት ግን ነቀሉት።

ሁለቱም ወራሾች የጎደላቸውን ግማሽ አሰፍተው "ሙሉ ድንኳን አለኝ" አሉ፤ በየፊናቸውም ሾሙ፣ ሻሩ። በመጀመሪያው ክረምት ካስማ በትኩሳት ሞተ የሚል ወሬ መጣ። እናቱ ጥቁር መደረቢያ ለበሱ። ወስፌ አልለበሰችም። "ሬሳውን ሳላይ አላለቅስም" አለች፤ በዚህ ነገር ሁለቱ ሴቶች ከአንድ ገበታ እየበሉ ከሁለት ዓመት በላይ ተኮራርፈዋል።

"ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ እየገባ ነው" አሉ አሮጊቷ ጋሪው ላይ። "አሁንም አልሞተም ልትዪኝ ነው?"

"እኔ ምንም አልተነፈስኩም፣ እማማ።"

"ዝምታሽ ይሰማኛል።"

ወንዙ ዳር ያለው ሜዳ ሲደርሱ ፀሐይ ገና ለአናት ሩብ ጉዳይ ነበረች። ምሰሶዎቹ ተተክለዋል። ከወንዙ ማዶ የልዑሉ ጦር መሣሪያውን ከምሮ ከክምሩ አጠገብ ተቀምጧል። ስምምነቱ ግልጽ ነው፤ አልጋው ለታናሽ እህቲቱ ሆኗል፤ ንግሥቲቱና ወንድሟ ፀሐይ ሳትጠልቅ በእውነተኛው ቀይ ድንኳን ሥር ይማማላሉ፤ መሐላው ከቀረ ደግሞ ክምሩ ሩቅ አይደለም። ወስፌ የሰፋችውን ሐሰተኛ ግማሽ ትናንት ራሷ ተርትራ ነጥላ እውነተኛውን ይዛ መጥታለች። የቀረው የልዑሉን ግማሽ እንዲሁ ተርትሮ ሁለቱን ማገናኘት ነው።

የልዑሉ ድንኳን ሣሩ ላይ ተዘርግቶ ጠበቃት። የዚያኛው ወገን ቀይ ሸራ አላገኘም፤ የጎደለውን የሞላው በዱቄት ጆንያ ነው፤ ያረጀውንም በየዓመቱ በአዲስ ጆንያ ይለውጥ ነበር። በቀይ አፈር ነክረውታል፤ ቢሆንም የወፍጮ ቤቱ ምልክት እዚህም እዚያም ይታያል። ወስፌ ተንበርክካ ቢላዋዋን ስፌቱ ውስጥ አስገባች። አንድ ሁለት ክር በጠሰች። ከዚያ እጇ ቆመ።

በየአሥሩ ስፌት አንዱ ተደግሟል።

ይህ የካስማ ፈሊጥ ነው። ክር ቢበጠስ ስፌቱ እስከ ድጋሚው ድረስ ብቻ ይተረተራል እንጂ አልፎ አይሄድም ይላል። እሷ "ክር ማባከን ነው" ትለው ነበር፤ ስድስት ዓመት ተጨቃጭቀውበታል። በዓለም ላይ እንዲህ የሚሰፋ ሌላ ሰው እንደሌለ ታውቃለች፤ ምክንያቱም ማንም አይደክምበትም። ዓይኗን ወደ ጆንያው ምልክት መለሰች። ሁለት የስንዴ ዘለላ። ዘንድሮ ከወንዙ ማዶ ተማርኮ የመጣው እህል ሁሉ በዚህ ምልክት ጆንያ ነበር፤ ዐምናና ካቻምና የመጣው ግን አልነበረም። ወሬው ካስማን የገደለው ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት ነው።

"እማማ፣ ጣትዎን ይስጡኝ" አለች።

የአሮጊቷ ዓይን ከደከመ ቆይቷል፤ ጣታቸው ግን ያያል። ስፌቱን እየዳበሱ ቆጠሩ። ዘጠኝ ላይ ዘገዩ። አሥር ላይ ሲደርሱ ድጋሚውን አገኙት። እንደገና ከአንድ ጀምረው ቆጠሩ፤ አሁንም አገኙት።

ወስፌ ሸራውን ገለበጠችው። የውስጡ ስፌት ጠማማ ነው፣ እንደ ሰካራም መንገድ። ድንኳን የብቻ ሥራ አይደለም። ግድግዳው ተወጥሮ ነው የሚሰፋው፤ ምድር ላይ የተሰፋ ሲወጠር ይቀደዳል። አንዱ ከውጭ ይወጋል፣ ሌላው ከውስጥ ይስባል፣ መልሶም ይወጋል፤ ሸራው መሀል ስላለ አይተያዩም። እሷና ካስማ ግማሽ ትዳራቸውን የኖሩት እንዲህ ነው። አንዴ ሳብ ማለት "ደርሶኛል"፣ ሁለቴ ሳብ ሳብ ማለት "ክርሽ ላላ" ነበር ቋንቋቸው። እሷ ከወዲህ ከአማቷ ጋር እየተንፏቀቀች ስትሰፋ፣ ለእሱ ከወዲያ መርፌ የሚመልስለት ማን ነበር? ወይስ የምትመልስለት? እንዲህ ጠማማ እጅ ያላትን ታግሶ ካሰፋት ነገር አለ ማለት ነው። ባሏ ከሞት በተነሣ በሩብ ሰዓት ውስጥ ቀናችበት።

የንግሥቲቱ ሥርዓት አስከባሪ፣ አጋፋሪው፣ የደረሰው በዚህ መሀል ነው። አንገተ ረጅም፣ ብብቱ ሥር ጥቅል ብራና የማይጠፋ፣ ክፉ ያልሆነ ግን ሥርዓት ከሰው የሚበልጥበት ሰው ነበር።

"የዚህን ሐሰተኛ ግማሽ ሰፊ ማወቅ ይቻላል?" አለ። "ምርኮኞቹን ብጠይቅ ሁሉም እኔ አይደለሁም ይላል።"

"የልጄ እጅ ነው" አሉ አሮጊቷ ብድግ ብለው። "ልጄ አለ፣ ጌታዬ። በጣቴ ቆጥሬዋለሁ። ካስማ ይባላል።"

ወስፌ ቀሚሳቸውን ብትጎትትም አልደረሰችም። አጋፋሪው ብራናውን ፈታ።

"'በሐሰተኛ የንጉሥ ድንኳን ስፌት እጁን ያስገባ ሁሉ ቀኝ እጁ ይቆረጥ።' አዋጁ ሁለት ዓመት ሆኖታል።" ጥቅሉን መለሰው። "ዛሬ ድንኳኑ ሲጸና በቅድሚያ ፍርድ ይፈጸማል፤ ከዚያ መሐላ፤ ከዚያ ምሕረት።"

"እጅ ከተቆረጠ በኋላ ምሕረት ምን ይሠራለታል?" አለች ወስፌ።

"ቅደም ተከተሉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።"

"እኔም ሐሰተኛ ግማሽ ሰፍቻለሁ።"

"የአንቺው በንግሥቲቱ ትእዛዝ ነው።"

"የእሱስ በማን ትእዛዝ ይመስልዎታል? በእናቱ?"

እናቱ ሣሩ ላይ ተመልሰው ተቀምጠዋል። ከሁለት ዓመት በላይ ሙት ብለው ያለቀሱለትን ልጅ በሕይወት አግኝተው በአንድ ትንፋሽ ለቢላዋ መስጠታቸው ገና እየገባቸው ነው። ወስፌ ልትቆጣቸው ፈልጋ አልቻለችም። ደስታ ነው ያስለፈለፋቸው፤ እሷም አንድ ትንፋሽ ብትቀድም ኖሮ ታደርገው ነበር። ስለዚህ የምታውቀውን ብቻ ተናገረች፤ ሥራውን።

"ጌታዬ፣ ግድግዳው ዘጠኝ ክንድ ነው፤ በሦስት ረድፍ ይሰፋል። ከወዲያ መርፌ የሚመልስልኝ እኚህ ናቸው፤ ዓይናቸውን ይዩት። ከእሳቸው ጋር ነገ ማታ እጨርሳለሁ። ከእሱ ጋር ከሆነ ፀሐይ ሳትጠልቅ።"

አጋፋሪው ከወንዙ ማዶ ያለውን የመሣሪያ ክምር አየ። ፀሐይንም አየ። "ይምጣ" አለ በመጨረሻ። "ግን የተፈረደበት ሰው ከመሐላ በፊት ከማንም ጋር አይነጋገርም። እሱ ከውስጥ፣ አንቺ ከውጭ፤ ቃል እንዳትለዋወጡ። ዘብ አቆማለሁ።"

ሁለቱ ክፋዮች ምሰሶው ላይ ወጡ፤ አውታሮቹ ተወጠሩ፤ አናቱ በአዲስ ጠፍር ታሰረ። የኋላው ግድግዳ ብቻ እንደተሸነተረ ቀረ። ሰይፉ ጠርዙን ስለበላው ከሥሩ የሚገባ ድጋፍ ጨርቅ ያስፈልገዋል፤ ቀይ ጨርቅ ግን በሠፈሩ ሁሉ ጠፋ። አሮጊቷ ፍለጋው ሲረዝም ጥቁር መደረቢያቸውን አወለቁ፤ በጥርሳቸው ጀምረው በእጃቸው ሰነጠቁት።

"ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል" አሉ።

በቀዩ ድንኳን ጀርባ ላይ ስላለው ጥቁር መስመር በኋላ ዘመን የመጡ ሊቃውንት ብዙ ጽፈዋል። የሐዘን ምልክት ነው ያሉ አሉ፤ ወንዙ ነው ያሉም አሉ። የአንዲት አሮጊት መደረቢያ ነው።

ወስፌ መሰላሉ ላይ ወጣች። ከሸራው ወዲያ ሌላ መሰላል ሲንቋቋ ሰማች፤ ሰው ወጣ፤ ሰው ቆመ። መተንፈሱ ይሰማል። ካስማ የሚል ስም የሰጠ ማንም ምርኮኛ ሊሆን ይችላል ብላ ራሷን አስጠነቀቀች። ሲባጎውን ሰም አስነካች፣ በመርፌው አስገባችው፣ ወጋች። መርፌው ከወዲያ ተሳበ። ወዲያው ሳይሆን ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ፤ በአንድ ጣት ርቀት፣ ልክ መሆን ባለበት ቦታ። እሷም ስባ መለሰችው። ያን ጊዜ ክሩ ከወዲያ ሁለቴ ሳብ ሳብ ተደረገ።

ክርሽ ላላ።

ሦስት ዓመት ጠፍቶ፣ ሞቶ፣ ተነሥቶ፣ እጁ ሊቆረጥ ሁለት ሰዓት ሲቀረው የመጀመሪያ ቃሉ ወቀሳ ነው። ወስፌ ግንባሯን ሸራው ላይ ደገፈችና ሳቋን ዋጠችው። መሰላሉ ሥር የቆመው ዘብ "ምን ሆንሽ?" ሲላት "አቧራ" አለችው። ክሩን አጠበቀች፤ አንዴ ሳበች። ከወዲያም አንዴ ተሳበ።

ከዚያ በኋላ እጃቸው ብቻ ሄደ። ደረጃ በደረጃ ወረዱ፤ ረድፉ ሲያልቅ እንደገና ወጡ። በየአሥሩ እሱ ደገመ። እሷም ዛሬ አልተከራከረችም፤ እንዲያውም በሦስተኛው ረድፍ ራሷ መድገም ጀመረች። መርፌው በተመለሰ ቁጥር ያ እጅ አሁንም ክንዱ ላይ አለ ማለት ነው፤ ወደ መሬት በወረዱ ቁጥር ደግሞ ሥራው ያልቃል፤ ሥራው ሲያልቅ ድንኳኑ ይጸናል፤ ድንኳኑ ሲጸና ፍርድ ይቀድማል። ቶሎ ብትሰፋ ለእርቁ፣ ቀስ ብትል ለባሏ። የመጨረሻው ስንዝር ላይ ሲደርሱ ሁለቱም መሬት ላይ ተንበርክከዋል፤ ፀሐይም ወደ ወንዙ ዘንበል ብላለች።

ወስፌ መርፌውን እስከ ግማሹ ወጋችና ቂጡን ጥብቅ አድርጋ ያዘችው።

ከወዲያ ጫፉ ተሳበ። አልለቀቀችም። እንደገና ተሳበ፤ አሁንም አልለቀቀችም። ከዚያ የወዲያው እጅ መሳቡን ትቶ እሱም ዝም ብሎ ያዘ።

"ምነው ቆማችሁ?" አለ አጋፋሪው።

"መርፌው ከወዲያ ነው" አለች ወስፌ።

አጋፋሪው አርባ እርምጃ ሄዶ፣ በበሩ ዞሮ፣ ውስጥ ገባ። "ምነው ቆምክ?" ሲል ተሰማ። ሦስት ዓመት ያልሰማችው፣ ትንሽ የሻከረ ድምፅ መለሰ፦

"መርፌው ከወዲያ ነው፣ ጌታዬ።"

አጋፋሪው ሁለት ጊዜ ተመላለሰ። በሦስተኛው ሲመለስ ብቻውን አልነበረም። ንግሥቲቱ መጥታለች፤ የጋላቢ ጫማዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው፣ ዓይኗም ሦስት ቀን ያልተኛ ሰው ዓይን ነው። ከኋላዋ ወንድሟ ቀበቶውን ፈትቶ፣ ያለ መሣሪያ ይከተላታል። ንግሥቲቱ ጎንበስ ብላ አየች። መርፌው ሸራው መሀል ነው፤ ግማሹ ከወዲህ፣ ግማሹ ከወዲያ።

"ሁለታችሁም አልዋሻችሁም" አለች። "በይ፣ ለምን እንደያዝሽው ንገሪኝ።"

ወስፌ መርፌውን ሳትለቅ ሁሉንም ተናገረች፤ ስፌቱን፣ አዋጁን፣ የአማቷን ደስታ። ስትጨርስ የተናገረው ልዑሉ ነበር።

"'እጁን ያስገባ ሁሉ' ነው የሚለው? እንግዲያው የእኔንም ቁረጪ።" አጋፋሪው በዚህ "ቁረጪ" በሚለው አንገቱን ነቀነቀ፤ ከትናንት ጀምሮ ልዑሉ ለታናሽ እህቱ "እርስዎ" ማለት ነበረበት። ልዑሉ ግን ቀጠለ። "ሰው ሁሉ ግንብ ጥበቃ ላይ ነበር። ከወዲያ የሚቆምለት አጣ። መርፌውን ስመልስለት የከረምኩት እኔ ነኝ።"

ወስፌ ቀና ብላ አየችው። ጢሙ እስከ ደረቱ ይደርሳል። ቀኑን ሙሉ የቀናችው በዚህ ጢም ነው። ንግሥቲቱ የወንድሟን እጅ ያዘችና ጣቶቹን ገለበጠች፤ ጫፋቸው በመርፌ ተበሳስቷል።

"እናታችን አንድ ቁልፍ ስፋ ስትልህ ቤቱን ጥለህ ትሄድ ነበር" አለች።

"አሁን እሰፋለሁ።"

"አይቼዋለሁ። ጠማማ ነው።" እጁን ግን አልለቀቀችም። ወደ አጋፋሪው ዞረች። "አዋጁን ሽሬዋለሁ።"

"ግርማዊነትዎ፣ አዋጅ የሚሻረው በቀዩ ድንኳን ጥላ ሥር ነው፤ ድንኳኑ ገና ሙሉ አይደለም። ሙሉ ሲሆን ደግሞ በቅድሚያ…"

"ፍርድ" አለች ንግሥቲቱ። ሥርዓቱን ለማስከበር ሦስት ዓመት ተዋግታለች፤ በመጀመሪያው ቀን ልታፈርሰው አትችልም።

ወስፌ ከመናገሯ በፊት አማቷን አየች። የምትለው ነገር ከባሏ እጅ በፊት የራሷን አንገት ሊያስቆርጥ ይችላል።

"ግርማዊነትዎ፣ አዋጁ የወጣው በየትኛው ድንኳን ሥር ነበር? እኔ በሰፋሁት ነው። ግማሹ ሐሰት መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ትናንት ተርትሬ ጥዬዋለሁ። በዚያ ጥላ ሥር የተባለ ነገር ካልጸና…"

የአጋፋሪው ረጅም አንገት ቀስ እያለ ቀላ።

"እንዲያ ከሆነ እኮ" አለ በቀጭን ድምፅ፣ "የእኔም ሹመት…"

ንግሥቲቱ ሳቀች። ከልቧ ነው የሳቀችው፤ ወንድሟም ተከተላት፤ ከወንዙ ማዶ ያሉ ወታደሮች ሳይቀሩ ምን ተገኘ ብለው ተነሡ።

"አንተን ማታ እንደገና እሾምሃለሁ" አለች። "አዋጁ ግን አልነበረም፤ ያልነበረ አዋጅ አይፈጸምም። በይ ልቀቂው፣ ፀሐይዋ እየሄደችብን ነው።"

ወስፌ ለቀቀች። መርፌው ሸራው ውስጥ ገባ፤ ክሩ ተከተለው። ተመልሶ ወጣ። ድሮ የመጨረሻውን ቋጠሮ ማን ይቋጥር በሚል ይጣሉ ነበር፤ ዛሬ እሱ ለእሷ ተወላት። ቋጠረች፤ በጥርሷ በጠሰች፤ ድንኳኑ ሙሉ ሆነ።

ካስማ ግን ከውስጥ ነው፣ በሩም በዚያኛው ጫፍ ነው። ወስፌ ቀሚሷን ሰብስባ በግራ በኩል ሮጠች፤ አውታር እየዘለለች፣ እንደ ኮረዳ። በሩ ላይ ስትደርስ ዘቡ ሳቀባት። "አሁን ወጣ፤ በቀኝ በኩል እየሮጠ ወደ ኋላ ዞረ።" በቀኝ በኩል ሮጠች። ኋላ ስትደርስ አሮጊቷ ብቻ ከመሰላሉ ሥር ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው እርጥብ ነው፤ ፀጉራቸው ሰው አጥብቆ እንዳቀፋቸው ተበታትኗል።

"አሁን እዚህ ነበር" አሉ። "ሚስትህ በግራ ሄዳለች ብዬው ተከትሎሽ ሄደ።"

ወስፌ ደግማ ልትሮጥ ስትል የቀሚሷን ጫፍ ያዙት።

"ቁሚ፣ ልጄ። አንዱ ካልቆመ አትገናኙም።"

ቆመች። አውታሩን ይዛ፣ እያለከለከች ቆመች። ከድንኳኑ ማዶ የሩጫ ኮቴ ይመጣል፤ ራቀ፣ እንደገና ቀረበ። ከዚያ ሰው በአውታር ተደናቅፎ ሲወድቅ፣ አውታሩን የወጠረውንም ሲራገም ተሰማ። ድምፁ የካስማ ነው።

አሮጊቷ የምራታቸውን ፊት በጣታቸው ዳበሱ።

"ሬሳውን ሳላይ አላለቅስም ብለሽ አልነበር?"

"ብዬ ነበር" አለች ወስፌ እያለቀሰች።